የዓሣ ገንዳ ላም ይቀልባል ወይ?

ጎረቤታችን ሁለት የወተት ላሞች አሏቸው። ባለፈው በጋ አንድ ቀን ጠዋት ወተት ሊያቀብሉን መጡና ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩኝ። መደርደሪያ ሙሉ ትሪ፣ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ለምለም ሣር፣ ከሥሩ ደግሞ ዓሣ የሚዋኝበት ሰማያዊ በርሜል። ተራኪው አንድ ኪሎ ገብስ በሳምንቱ ሰባት ኪሎ ሣር ይሆናል ይላል፤ አፈር የለ፣ ማዳበሪያ የለ፣ ዓሣው ይጸዳዳል፣ ሣሩ ይበቅላል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው ወይስ የስልክ ወሬ ነው?» አሉኝ። የፋጉሎና የፉርሽካ ዋጋ አላስተኛ ላለው ሰው ጥያቄው የጨዋታ አይደለም።

እውነት ነው አልኳቸው፤ ግን ከሰባቱ ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው። የዚያን ዕለት ወተቱ እጄ ላይ ስለነበር ወሬው እዚያው በር ላይ ተቋረጠ። የቀረውን እዚህ ልጨርሰው።

ነገሩ አኳፖኒክስ ይባላል። ዓሣ እርባታንና ያለ አፈር ተክል ማብቀልን በአንድ ውሃ ማገናኘት ማለት ነው። ዓሣ ከሚበላው መኖ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ሁሉ ሥጋ አያደርገውም፤ ሲሶውን ገደማ አስቀርቶ የተረፈውን አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ያልተጠረገ በረት ውስጥ ሲገቡ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ያ ሽታ አሞኒያ ነው። ለዓሣው መርዝ ነው፤ ውሃው ካልተለወጠ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይሞታል።

ያን መርዝ ወደ ተክል ቀለብ የሚለውጡት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን፣ ናይትሮሶሞናስ የሚባሉት ያሉበት፣ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፤ እሱም ገና መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን፣ ናይትሮስፒራ ያሉበት፣ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት ለዓሣው ብዙም አይጎዳም፤ ለተክል ግን ምግብ ነው። ገበሬ የሚበትነው ዩሪያም አፈር ውስጥ ተለዋውጦ በአመዛኙ በዚሁ መልክ ነው ሥሩ ጋ የሚደርሰው። ሞተር ውሃውን ከዓሣው ገንዳ ተክሉ ወደተተከለበት ጠጠር ያወጣዋል፣ ባክቴሪያው ጠጠሩ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ይሠራል፣ ተክሉ ይመገባል፣ የጠራው ውሃ ወደ ዓሣው ይመለሳል።

እነዚህን ባክቴሪያዎች ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም፤ ራሳቸው መጥተው ይራባሉ። ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሙቀቱ ጥሩ ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ደግሞ ከዚያም በላይ። የጀማሪ ዓሣ በሁለተኛው ሳምንት የሚያልቀው ለዚህ ነው፤ ገንዳው በተሞላ ማግስት ሃምሳ ዓሣ ይጨመራል፣ የሚያጸዳው ገና አልተወለደም።

የእኛ የቢሾፍቱ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለብን። የሐይቆቻችን ውሃ፣ የአንዳንድ ጉድጓዶቻችንም ጭምር፣ ጨዋማ ባይመስልም አልካላይን ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም አሲድነቱንና አልካላይንነቱን የሚለካው ቁጥር፣ ከፍ ያለ ነው። ያው አንድ ዓይነት አሞኒያ ፒኤች 7 ላይ ሲሆን አደገኛው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 9 ላይ ግን በ25 ዲግሪ ሙቀት ከሦስት እጁ አንዱ መርዝ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ገንዳ ከመግዛቱ በፊት ቀለም የሚለውጥ የፒኤች መለኪያ ይግዛ። ዓሣው አፉን ከውሃ በላይ አውጥቶ ሲያለከልክ ካዩ ወይ ኦክስጅን አልቋል ወይ አሞኒያ በዝቷል፤ ለሁለቱም የመጀመሪያው መፍትሔ ከውሃው ሲሶውን ቀድቶ በንጹሕ ውሃ መተካት ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን አንድ ሁለት ቀን ክፍት በርሜል ላይ ያድራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ አንድ ሙሉ በርሜል በመጠባበቂያ ማስቀመጥ አለበት።

ብቅል እኮ ነው

አሁን ወደ ሣሩ። ጠላ የምትጠምቅ እናት ያለችው ሰው ሁሉ ቪዲዮው ላይ ያለውን ነገር ያውቀዋል። ገብሱ ይነከራል፣ ይጠነፈፋል፣ ቅጠል ላይ ተሰጥቶ ይሸፈናል፤ በሦስተኛው ቀን ነጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ይያያዛል። እናቶቻችን እዚያ ላይ ያቆሙትና አድርቀው ያስፈጩታል፤ ብቅል ሆነ። የመኖው ሰው ግን አያደርቀውም። ብርሃን ያሳየዋል፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ውሃ ያርከፈክፍለታል፣ በሰባተኛው ቀን አንድ ስንዝር ገደማ የደረሰ ሣር ከነሥሩ ተጠቅልሎ ይነሣል። እንስሳው ሥሩንም ዘሩንም አይተውም።

እኔም በሰው ወሬ ከመፍረድ ብዬ ሞከርኩት። ሁለት ኪሎ ገብስ መዝኜ ነከርኩ። በሰባተኛው ቀን ትሪውን ሚዛን ላይ ሳወጣው 12 ኪሎ ተኩል። ጎረቤታችንን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ ሣሩን በታትኜ ቆርቆሮው ላይ አሰጣሁት። በአራተኛው ቀን፣ እጅ ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ መልሼ መዘንኩት፤ 1 ኪሎ ከ600 ግራም። «ገብሴ የት ገባ?» አሉ፤ ገብሱ የእሳቸው ነበር።

ገብሱ ተንፍሷል። ዘር ሲበቅል በውስጡ ያከማቸውን ስታርች እያቃጠለ ነው ሥርና ቅጠል የሚሠራው፤ የተቃጠለው በአየር ይሄዳል። በሰባት ቀን ከደረቁ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 20 ያህሉ በዚህ መንገድ ይጠፋል። ደረቅ ገብስ ከመቶ 90 ያህሉ ምግብ ነው፤ የበቀለው ሣር ግን ከመቶ 13 አካባቢ ብቻ፣ የተረፈው ውሃ ነው። ላሟ ደግሞ ውሃውን ከቧንቧ ትጠጣለች።

ይህን ይዘን የላሟን ሆድ እናስላ። 400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ ላም በቀን 12 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። በዚህ ሣር ብቻ ላጥግባት ያለ ሰው በየቀኑ ከ90 ኪሎ በላይ ሣር ማንሣት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ በየቀኑ 15 ኪሎ ያህል ገብስ መንከር አለበት። በቀን 15 ኪሎ ገብስ የሚያወጣ ሰው ገብሱን ሸጦ ድርቆሽ ቢገዛበት ይሻለዋል።

እንዲህ ስል ነገሩ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ሣሩ ለመፈጨት ይቀልላል፣ ቫይታሚኑ ይጨምራል። ጥቅምት ላይ ከታጨደ ጭድ በቀር አረንጓዴ ነገር ሳታይ ሚያዝያ የምትደርስ ላም ቫይታሚን ኤ ያጥራታል፤ ለእሷ ከጭዱ ጋር በቀን ሦስት አራት ኪሎ ለምለም ሣር ትልቅ ነገር ነው፤ ጭዱንም በደንብ ትበላዋለች። ወጥ ነው እንጂ እንጀራ አይደለም። ቪዲዮዎቹ የሚያሳስቱት ወጡን እንደ እንጀራ አድርገው ስለሚያቀርቡት ነው።

የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። ይህ የሰባት ቀን ሣር ዓሣው ጨርሶ አያስፈልገውም። ዘር ስንቁን ይዞ ነው የሚነሣው፤ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚበቃው ምግብ በሆዱ አለ፣ ከውጭ የሚፈልገው ንጹሕ ውሃና አየር ብቻ ነው። ናይትሬት መፈለግ ሲጀምር እኛ አጭደነዋል። ስለዚህ የዓሣ ውሃ ማርከፍከፍ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ ግን አለ፤ ውሃው የያዘው ቆሻሻ በዘሩ መካከል ይተኛና ሻጋታ ይጠራል።

ሻጋታ እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም። በበቀለ ገብስና ስንዴ ላይ የሚወጣ አስፐርጊለስ ክላቫተስ የሚባል ሻጋታ አለ፤ በተለያዩ አገሮች የሻገተ ቡቃያና የብቅል ተረፈ ምርት የበሉ ከብቶች ሰውነታቸው ተንቀጥቅጦ፣ የኋላ እግራቸው ከድቷቸው ሞተዋል። መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ትሪው በየዙሩ በበረኪና ይታጠባል፣ ዘሩም በቀጭን በረኪና ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ታጥቦ በደንብ ይለቀለቃል፤ ውሃ ሥሩ ላይ እንዳይተኛ ትሪው ተዳፍቶ ይቀመጣል። ጀማሪን የሚያደናግረው ነገር በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ሥሩ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ጥጥ መሳይ ነው። ውሃ ይርጩበት። ከጠፋ የሥሩ ፀጉር ነው፣ ጤና ነው። ካልጠፋ፣ ወይም ያረጀ ጓዳ የሚሸት ከሆነ፣ ትሪው በሙሉ ይጣላል፤ ለዶሮም አይሰጥም፣ «ከላይ ከላዩን አንሥቼ» የሚባል ነገር የለም። ከምርጥ ዘር የተረፈ፣ ቀለም የተቀባ ዘርም ለመኖ በፍጹም አይነከርም፤ ቀለሙ የተቀባው መድኃኒት ስላለበት ነው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን።

ሻጋታ ካነሣን አይቀር፣ የምንገዛውም መኖ ንጹሕ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ ይህ ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር። የገበያ መኖ ለመተካት የሚፈልጉ ሰዎች ቤታቸው ሌላ ሻጋታ እንዳያመርቱ ነው የምለው።

ዓሣው ስንት ካሬ ይመግባል?

እሺ፣ የገብሱን ሣር እንተወውና የዓሣውን ውሃ በእርግጥ የሚፈልግ ሣር እንትከል፤ አልፋልፋ ወይም ዝሆኔ ሣር። ስንት ያበቅላል?

በአኳፖኒክስ የሚታወቅ አንድ መለኪያ አለ፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ያው ነው። ለቅጠላ ቅጠል ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዓሣው በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ መብላት አለበት። ልብ ይበሉ፤ የሚቆጠረው የዓሣው ብዛት ሳይሆን ዓሣው የሚበላው ነው፤ ማዳበሪያው ከመኖው ነውና የሚመጣው።

አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ እንውሰድ፤ ውስጡ 20 ኪሎ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አለ እንበል። ከክብደታቸው ከመቶ አንድ ተኩል ቢበሉ በቀን 300 ግራም ነው። ይህ ከስድስት እስከ ሰባት ካሬ ሜትር ይመግባል፤ የአንዲት ትንሽ መኝታ ክፍል ወለል ማለት ነው። በደንብ ውሃና ማዳበሪያ ያገኘ ዝሆኔ ሣር በዓመት ከአንድ ካሬ ሜትር ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ደረቅ መኖ ይሰጣል። ሰባቱ ካሬ ታዲያ በዓመት 20 ኪሎ ገደማ ያወጣሉ። ላሟ በሁለት ቀን ትጨርሰዋለች።

በዚያ ዓመት ውስጥ ዓሣዎቹ ስንት በሉ? 300 ግራም በ365 ቀን፣ ወደ 110 ኪሎ መኖ። ያውም በቆሎና ፋጉሎ ያለበት፣ ላሟ ራሷ ደስ ብሏት የምትበላው መኖ! ለ20 ኪሎ ሣር 110 ኪሎ መኖ ማውጣት ነው። ይህን ሒሳብ ቪዲዮ ላይ የሚያሳይ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ይህ ሥራ የሚያዋጣ ከሆነ የሚያዋጣው በዓሣው ነው፤ ከ110 ኪሎ መኖ ሃምሳ ኪሎ ገደማ ዓሣ ሊወጣ ይችላል። ሰዉ ጠጠሩ ላይ ሰላጣና ቆስጣ የሚተክለውም ከሣር ይልቅ እነሱ ስለሚሸጡ ነው።

ደግሞ ናይትሮጅን ፍለጋ ዓሣ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ? የእኛ 20 ኪሎ ዓሣ በቀን ወደ ውሃው የሚለቀው ናይትሮጅን 10 ግራም ገደማ ነው። አንዲት የወተት ላም በእበቷና በሽንቷ በቀን 100 ግራምና ከዚያ በላይ ትለቃለች። አሥር ሮቶ ዓሣ በረቱ ውስጥ ቆማ ታመነዥካለች ማለት ነው፤ ሽንቷ ግን በቦዩ ወደ መንገድ ይፈሳል። ጎረቤታችንን በኋላ የመከርኳቸውም ይህንኑ ነው፤ የበረቱን እጣቢ ወደ አጥሩ ሥር አዙረው ዝሆኔ ሣርና ዴሾ ይትከሉበት። አፈር ያለው ሰው አፈሩን ይጠቀም። የዴሾ ሣር ግንድ ተነቅሎ ተከፋፍሎ ይተከላል፤ ዘር እንኳ አይገዛም። እበቱን ግን ዓሣው ገንዳ ውስጥ አይጨምሩ። ዓሣ ቀዝቃዛ ደም ያለው ፍጥረት ስለሆነ ሰውን የሚያሳምመው የአንጀት ባክቴሪያ በአመዛኙ ከሱ አይነሣም፤ ከእበት ግን ይነሣል።

ዶሮዎቹና ወንፊቱ

ታዲያ የዓሣ ውሃ ለመኖ ምንም አይሆንም? ይሆናል፤ ሆዱ ትንሽ ለሆነ እንስሳ።

በቆመ ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ፣ ቅጠሏ ከምስር ክክ የማትበልጥ፣ ሥሯ እንደ ክር ወደ ውሃው የምትንጠለጠል ተክል አለች። ፈረንጆቹ ዳክዊድ ይሏታል፣ የዳክዬ አረም እንደማለት። ከሚታወቁት ባለ አበባ ተክሎች ሁሉ በፍጥነት ከሚያድጉት አንዷ ናት፤ ሁኔታው ከተመቻት በሁለት ሦስት ቀን እጥፍ ትሆናለች። ምግብ በሞላበት ውሃ ላይ ካደገች ከደረቅ ክብደቷ ከመቶ 35 እና 40 ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ ይህ የፋጉሎ ተርታ ነው። አሞኒያውንም ባክቴሪያ ሳትጠብቅ በቀጥታ ትበላዋለች። የእሷም ጉድ ያው ነው፤ ከመቶ 94 ያህሏ ውሃ ናት።

ግን እዚህ ሒሳቡ ይገጥማል። አምስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በቀን 600 ግራም ገደማ ይበላሉ። ከዚያ አንድ ሃያኛውን በዳክዊድ ለመተካት 30 ግራም ደረቅ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ርጥብ ዳክዊድ ያስፈልጋል። ከሰባት ካሬ ሜትር ገንዳ ደግሞ በደህናው ጊዜ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ ይወጣል። ለላሟ አንድ ጉርሻ የማይሞላው ለአምስት ዶሮዎች ደህና ምሳ ነው። ጥንቅቅ አድርገው ነው የሚለቅሙት፤ መጀመሪያ ቀን ይጠራጠራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ወንፊት ይዤ ስወጣ ገና በሩ ላይ ይከቡኛል። ጥሬ ዋናው መኗቸው ይቀጥላል፤ ዳክዊድ ብቻ የተሰጠች ዶሮ ሆዷን በውሃ ሞልታ ትከሳለች።

ልዩነቱ በመጀመሪያ የሚታየው እንቁላሉ ላይ ነው። የሐበሻ እንቁላል የምንለው አስኳሉ ቢጫ የሆነው ዶሮዋ ሣር ቅጠል ስለምትለቅም ነው፤ ቤት ውስጥ ተዘግተው ዱቄት ብቻ የሚበሉት አስኳላቸው ይነጣል። ዳክዊድ ያን ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ነገር በብዛት አለባት። ሁለት ሦስት ሳምንት ካበሏቸው እንቁላሉን ሰብሮ ማየት ይበቃል፤ የሚጠይቅ ደንበኛ ካለ ደግሞ ዋጋው ላይም ይታያል።

አያያዟ ቀላል ነው። ለብቻዋ ጥልቀቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ገንዳ ትቀመጥ፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ወፍራም ላስቲክ ማልበስ ይበቃል። ዓሣው ገንዳ ላይ አትጨመርም፤ ቆሮሶ በአንድ ቀን ይጨርሳታል፣ ካልጨረሳትም የውሃውን ገጽ ሸፍና አየር ትከለክለዋለች። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከላይዋ ሩቡን በወንፊት መቅዳት ነው። ከዚያ በላይ ከቀዱ አልጌ ቦታውን ይይዛል፣ ካልቀዱ ደግሞ ተጨናንቃ ማደግ ታቆማለች። ስትራብ ትናገራለች፤ ሥሯ ይረዝማል፣ ቅጠሏ ይገረጣል። ዘንድሮ ጥር ላይ የእኔዋ እንዲያ ሆና ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ በብርዱ ዓሣዎቹ መብላት ትተው እሷም ጾማ ነበር።

ዘሯን ከየት ታመጣለህ የሚለኝ ሰው አለ። ከንጹሕ ኩሬ። ከአቃቂ ወንዝ ዳርና ከፋብሪካ ቦይ ፈጽሞ አይወሰድም፤ ይህች ተክል ብረታ ብረትን ከውሃ ስባ በሰውነቷ ታከማቻለች፤ ከዚያ ወደ እንቁላሉ ነው። ወደ ሐይቅም አትጣልም። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል፤ ዳክዊድ የእምቦጭን ያህል ባትከፋም የማይታመን ነገር ወደ ሐይቅ አይለቀቅም።

አዞላ የሚባል ዘመድ የሚመስል ሌላም አለ፤ በህንድ ገበሬዎች ላሞቻቸውን በቀን አንድ ሁለት ኪሎ ከመኖ ጋር ቀላቅለው ያበሏቸዋል። ቅጠሉ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድለት የዓሣውን ናይትሮጅን አይለምንም፤ የሚፈልገው ፎስፈረስ ነው። ዓሣ ለሌለው ሰው እንዲያውም ይህ ይቀላል።

መብራት የሄደ ለታ

ዓሣ አስገባለሁ ያለ ሰው ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ያስብ፤ ብርድና መብራት።

ቆሮሶ የሚወደው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ18 ዲግሪ በታች የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ ላይ ይህ ብዙ አያሳስብም። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ላይ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ያለ ቆሮሶ አይበላም፣ ካልበላ አይጸዳዳም፣ ተክሉም አይመገብም። ለደጋ ካርፕ ይሻላል፤ ብርዱን ይችላል። ገንዳውን ግማሹን መሬት ውስጥ መቅበርና ላዩን ላስቲክ ማልበስም ይረዳል። የዓሣ ጫጩት ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ያራባል። ቆሮሶ ከሆነ ወንድ ብቻ ቢሆን ነው የሚመረጠው፤ ከተቀላቀለ ገንዳው በልጅ ይሞላና ሁሉም እንደ ጣት ቀጥኖ ይቀራል።

መብራቱ የባሰ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በጣም ትንሽ ነው፤ እንደ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ በደህና ጊዜ ስድስት ሰባት ግራም ኦክስጅን ይይዛል። 20 ኪሎ ዓሣ በሰዓት አራት አምስት ግራም ይተነፍሳል። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ያለው ጊዜ እንግዲህ ሁለት ሰዓት አይሞላም።

እኔ ይህን ያሰላሁት ከሆነብኝ በኋላ ነው። አንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ተኝቼ ነበር። ጠዋት ስነሣ ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ውሃው እየተንፎለፎለ ነው፣ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተኝተዋል። መብራቱ መሄዱን ያወቅሁት የግድግዳው ሰዓት ላይ ሳይሆን እነሱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ገዛሁ፤ መብራት ሲሄድ ራሱ ይነሣል። ዓሣውንም ከ20 ኪሎ ወደ 10 ኪሎ አወረድኩት፤ ትርፉ ቀነሰ፣ እንቅልፌ ተመለሰ። መብራት አብዝቶ የሚሄድበት ሰፈር ያለ ሰው አምባዛ ይሞክር። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል አለው፤ ውሃው ሲታፈን ወደ ላይ ወጥቶ ጎርሶ ይመለሳል። ሞተሩ ራሱ ብዙ አይበላም፤ 25 ዋት የሆነው ቀን ከሌት ቢሠራ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ለጠጠሩ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ መንገድ ሠሪዎች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ድንጋይ በእኛ አካባቢ ሞልቷል፤ ለባክቴሪያ ቤት ከሱ የተሻለ የለም። ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ማጠብ ነው። የመዳብ ቧንቧና ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ግን ውሃውን አይንኩት፤ ሁለቱም ለዓሣ መርዝ ናቸው።

ጎረቤታችን ዓሣ አላስገቡም። አጥሩ ሥር ያለው ዝሆኔ ሣር አሁን ከአጥሩ በልጧል፤ የበረቱ ቦይም ከመንገዱ ጠፍቷል። ሁለት ትሪ ገብስ ለጥጃዋ ያበቅላሉ፣ በንጹሕ ውሃ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ልከው ለጫጩቶቻቸው ከእኔ ገንዳ ዳክዊድ ያስቀዳሉ። ወንፊቱን ባለፈው ቅዳሜ ይዞት ሄዷል፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።